እስከ ፋሲካ ታገሺ

ሮዜን የእርዱን አዳራሽ በር በትከሻዋ ገፍታ ስትገባ የጉልቬን እጅ ማንሻው ላይ ነበር።

ኤኖራ ታች፣ ከብት ግንባሩን ተመቶ ከሚደነዝዝበት ሳጥን ፊት ለፊት፣ ተንበርክካ የተጠላለፈ ሰንሰለት ትፈታለች። አንድ እጇን ወደ ላይ አንሥታ መዳፏን ዘርግታለች። ያ በቄራው "ቁም፣ ሰው አለ" ማለት ነው፤ ትናንት የተቀጠረም ያውቀዋል። ጉልቬን ከመወጣጫው ላይ ሆኖ ቁልቁል ያያታል። ዓይኑ ማንሻው ላይ አልነበረም፤ እሷ ላይ ነበር። ከዚያ ጎተተው።

የሳጥኑ የጎን መዝጊያ ተነሣ። ሰባት መቶ ኪሎ የሚሆን ቀይ ኮርማ፣ ግንባሩ ሳይነካ፣ ሙሉ ነፍሱን ይዞ እርጥቡ ወለል ላይ ተዘረገፈ።

ሁለት ጊዜ ሊቆም ሞክሮ በደም የራሰው ሲሚንቶ ከዳው። በሦስተኛው ቆመ። ከፊቱ ያለችው ኤኖራ ብቻ ናት። ብድግ ልትል ስትል ቦቲዋ ሰንሰለቱን ረግጦ አንሸራተታት። ኮርማው ራሱን ዝቅ አደረገና ከኋላዋ ካለው የብረት አጥር ጋር አጣበቃት። ወደ ኋላ አለና ደገማት። ብረቱ ጮኸ እንጂ እሷ አልጮኸችም፤ የምትጮኽበት ትንፋሽ አልነበራትም።

ሰዎቹ ባገኙት መሰላል ላይ ተንጠለጠሉ። አንዱ የወለል መጥረጊያ ወርውሮ የኮርማውን ጀርባ መታው፤ እንደ ዝንብ እንኳ አልቆጠረውም። ሮዜን በእጇ ይዛው የነበረውን ወረቀት ጥላ መወጣጫውን ወጣች።

"ሽጉጡን" አለችው ጉልቬንን።

"ከሽፏል" አለ። ድምፁ ስለ ዝናብ እንደሚያወራ ሰው ነበር።

ሽጉጡን ከተሰቀለበት መንጭቃ ወረደች። የማደንዘዣ ሽጉጥ ጥይት የለውም፤ አፉ ከግንባሩ ጋር ተጣብቆ ካልተሳበ ከውስጡ የሚወጣው የብረት ዘንግ የሚመታው አየር ነው። ስለዚህ መጠጋት ነበረባት። ኮርማው ትንፋሿን ሰምቶ አንገቱን ሲያዞር ቀንዱ ነጭ ካፖርቷን ከወገብ እስከ ብብት ቀደደው። ጆሮውን ያዘች። በሌላኛው እጇ ሽጉጡን ከዓይኖቹ በላይ፣ ከሁለቱ ቀንዶች መሐል፣ ለጥፋ ሳበችው።

አልከሸፈም።

ኮርማው እግሮቹ ባንድ ጊዜ ከሥሩ እንደተወሰዱበት ዘጭ አለ፤ ክብደቱም በኤኖራ እግሮች ላይ አረፈ። ያን ጊዜ ነው የጮኸችው። በሰንሰለቱ ማንጠልጠያ ጎትተው ኮርማውን ሲያነሡላት የግራ እግሯ አጥንት ከቦቲው አፍ በላይ ነጩን ሱሪ ቀዶ ወጥቶ ነበር። ሮዜን የኤኖራን ሽርጥ ጠፍር ፈታ የልጅቷን ጭን ጥርሷን ነክሳ አሰረችው። ደሙ ቀነሰ።

"አዩት?" አለች ኤኖራ።

"አየሁት። አትናገሪ።"

"እጄን አንሥቼ ነበር።"

"አውቃለሁ።"

"እጄን አንሥቼ ነበር" አለች ደግማ፣ ማንም ያልሰማት ይመስል። ከንፈሯ ወይን ጠጅ መስሏል። "የነገርኩዎት እኮ ነው። ሐሙስ የነገርኩዎት።"

ሮዜን የልጅቷን ራስ ጭኗ ላይ አስደግፋ አምቡላንሱ እስኪመጣ አሥራ አራት ደቂቃ ጠበቀች። የልጅቷ ፀጉር ቆቡ ውስጥ በላብ ርሷል። በረት ውስጥ ያሉት ከብቶች የደሙ ሽታ ሳይሆን ጩኸቱ ረብሿቸው እየተገፋፉ ያገሳሉ።

ሮዜን በዚህ ቄራ ውስጥ ሠላሳ አንድ ዓመት ሠርታለች። በአሥራ ዘጠኝ ዓመቷ የገባችው ታላቅ እህቷ ስዋዚግ ወደምትሠራበት የሆድ ዕቃ ማጠቢያ ክፍል ነበር፤ ጨጓራና አንጀት በፍል ውሃ የሚፋቅበት፣ ሴቶች ብቻ የሚሠሩበት ክፍል። በዚያ ጊዜ ጉልቬን ከአራጆቹ ሁሉ ወጣቱና ቀልጣፋው ነበር። ስዋዚግን ሊያይ በምሳ ሰዓት ብቅ ሲል ለታናሽ እህቷ ቢላ መሳል ያስተማራት እሱ ነው። ኋላም ስዋዚግን አገባ።

ከአራት ዓመት በፊት የቄራው ባለቤት የሆነው ድርጅት ሊዘጋው ወሰነ። በትንሿ ከተማቸው በኬርዞናን ከዚያ ሌላ የሥራ ቦታ የሚባል ነገር የለም። ሮዜን በየገበሬው ደጅ ዞራ ፊርማ ሰበሰበች፤ ሠራተኛውን አስከትላ በቄራው በር ላይ አሥራ አንድ ቀን ዝናብ ላይ ቆመች፤ በመጨረሻም ሠራተኞቹና ገበሬዎቹ በኅብረት ሥራ ማኅበር ገዙት። ሥራ አስኪያጅ ሲመረጥ ጉልቬን እጅ ማውጣት እንኳ የሚያስፈልግ አልመሰለውም ነበር፤ አባቱም አያቱም በዚሁ ቤት አርደዋል። ሮዜን በሦስት ድምፅ በለጠችው። ሁለት ጉንጯን ስሞ "እንኳን ደስ ያለሽ" አላት፤ ከዚያ ሁለት ወር አላናገራትም።

ወንዶቹ ከበስተጀርባዋ "የአንጀት ንግሥት" ይሏታል። ሰምታ አልሰማችም። በስብሰባ ላይ ሐሳብ ስታቀርብ ዝም ይሉና ያንኑ ሐሳብ አንድ ገበሬ ሲደግመው "ጥሩ አልክ" ይሉታል፤ እሷም "ጥሩ ብለሃል" ትላለች። ሥራው እስከሄደ ድረስ ግድ የላትም፤ ወይም ግድ እንደሌላት ራሷን አስተምራለች። የተከፋች ሴት ሥራ አስኪያጅ ምን እንደምትባል ታውቃለች። ያልተከፋች ደግሞ ትቆያለች።

ባለፈው ዓመት የእርድ አዳራሽ ኃላፊ የሚሆን ሰው የከብት አያያዝ ፈተና ማለፍ ግድ ሆነ። ጉልቬን "አባቴ ሲያርድ ደብተር አልያዘም" ብሎ አልቀመጥም አለ። የሃያ ስምንት ዓመቷ ኤኖራ ተቀመጠች፤ አለፈች። በጥር ወር ሮዜን ኃላፊ አደረገቻት፤ በዚያ አዳራሽ ሴት ኃላፊ ስትሆን የመጀመሪያዋ። ከዚያ ወዲህ መንጠቆ ከላይ ይወድቃል፣ ፍል ውሃው ሳይነገር ይከፈታል፣ ማንሻው ከምልክቱ በፊት ይሳባል።

ሐሙስ ዕለት ኤኖራ ሮዜን ቢሮ ገብታ በሩን ዘጋች። "መንጠቆው ከጆሮዬ በዚህ ያህል ነው ያለፈው" ብላ በሁለት ጣቶቿ አሳየቻት። ሮዜን ታምናታለች። አላመነቻትም ማለት አይቻልም። ግን ከፋሲካ በፊት ያለው ሰሞን ነበር፤ በየመንደሩ ያሉ ሥጋ ቤቶች ሁሉ የሚጠብቁት ሥራ ነበር፤ አንጋፋውን አራጅ፣ ያውም የእህቷን ባል፣ አሁን ብታባርር "ሴቷ ሴት ሾማ ወንዱን አስወጣች" ይባላል።

"እስከ ፋሲካ ታገሺ" አለቻት። "ከዚያ ራሴ አነጋግረዋለሁ።"

ኤኖራ ራሷን ነቅንቃ ወጣች። ይኸው ነው።

አምቡላንሱ ከግቢው ሲወጣ ሮዜን ወደ አዳራሹ ተመለሰች። ጉልቬን ከመወጣጫው ወርዶ በሰዎቹ መሐል ቆሟል።

"አርባ አንድ ከብት በረት ውስጥ ቆሟል" ይላል። "ኮርማውን አንጠልጥሉትና እንቀጥል። ልጅቷን ሐኪም ያያታል፤ እኛ ሐኪም አይደለንም።"

ሁለት ሰዎች ወደ ሰንሰለቱ ተንቀሳቀሱ። ሮዜን ያን አየች። ከሁለቱ አንዱ በዝናቡ ጊዜ ከጎኗ ቆሞ አንድ ጃንጥላ የተጋራት ነው። ግድግዳው ላይ ያለውን ቀይ ቁልፍ በመዳፏ መታችው። ሰንሰለቱ ተንገጫግጮ ቆመ።

"ዛሬ ሥራ የለም" አለች።

"ማን አለ?" አለ ጉልቬን።

"እኔ።"

"አንቺ ማነሽ?" ወደ ሰዎቹ ዞረ። "ሃያ ምናምን ዓመት አንጀት ስታጥብ የኖረች፣ አራት ዓመት ወንበር ላይ ተቀመጠችና ቄራ የሚያቆም እጅ አበቀለች።"

አንድ ሰው ሳቀ፤ ብቻውን መሆኑን ሲያውቅ አቆመ።

"ቢላዎችህን አስቀምጥና ውጣ" አለችው። "ፖሊስ ጠርቻለሁ። ሌሎቻችሁ ከብቶቹን ውሃ አጠጡና ልብስ መቀየሪያው ውስጥ ጠብቁ።"

አልጠበቀችውም። ዞራ ወደ ቢላ ማጠቢያው ክፍል ሄደች፤ እጇ ላይ የኤኖራ ደም እየደረቀ ነበር። ጠባብ ክፍል ነው፦ አንድ የብረት ገንዳ፣ አንድ መደርደሪያ፣ ቢላዎቹ የሚቀቀሉበት ፍል ውሃ የሚወጣበት የጎማ ቱቦ። እጇን ሳሙና እያስነካች ሳለ በሩ ከኋላዋ ሲዘጋ ሰማች።

"ፖሊስ አልሽ?" አለ ጉልቬን።

"አዎ።"

"በእህትሽ ባል ላይ?"

"ልጅቷን ልትገድላት ነበር፣ ጉልቬን።"

"ልጅቷ ያለ ቦታዋ ነው የተገኘችው።"

"ቦታውን የሰጠኋት እኔ ነኝ።"

"እሱን ነው የምልሽ" አለና መታት።

የመታት በግራ እጁ ነው። አራጅ ቢላ በማይዝበት እጁ የብረት ጓንት ያደርጋል፤ በጥቃቅን የብረት ቀለበት የተሠራ፣ ስለት የማይበጣው ጓንት። ጉንጯ ላይ ያረፈው ያ ነው። ጆሮዋ ውስጥ እንደ ደወል ያለ ነገር ጮኸ፤ አንድ ጥርሷ ወልቆ ምላሷ ላይ ተገኘ። ስትወድቅ ፀጉሯን ያዘና ራሷን ከገንዳው ጠርዝ ጋር አጋጨው። ደገመው። አንድም ቃል አልተነፈሰም። ጉልቬን ሲያርድ አያወራም፤ የሚመካበትም ጠባዩ ነው።

ሦስተኛው ሳይመጣ እጇ ወለሉ ላይ ሲዳብስ ቱቦውን አገኘ። መክፈቻውን በአውራ ጣቷ ገፋችው። ሰማንያ ሁለት ዲግሪ የሆነ ውሃ አገጩና አንገቱ ላይ ፈነዳ።

ጮኸ። ፀጉሯን ለቀቀ፤ ሁለት እጁን ፊቱ ላይ አድርጎ ወደ ኋላ አፈገፈገ፤ ሽርጡ ደረቱን ከለለለት እንጂ አንገቱ እንደተላጠ ቲማቲም ቀላ። ተንሸራቶ በጉልበቱ ወደቀና ጀርባውን ሰጣት። በዚያን ጊዜ ማቆም ትችል ነበር። አላቆመችም። አንድ ዓይኗ በደም ተጋርዶ፣ በሌላኛው እያየች፣ ውሃውን ማጅራቱ ላይ አደረገችው፤ እሱም እንደ ከብት አጓራ።

ቧንቧውን የዘጋችው ስዋዚግ ናት። ጩኸቱን ሰምታ ከሆድ ዕቃ ክፍሉ እየሮጠች መጥታለች፤ ክንዷ እስከ ክርኗ እርጥብ ነው። እህቷን አየች፤ ባሏን አየች። ከዚያ ባሏ አጠገብ ተንበርክካ ቀዝቃዛውን ውሃ በባልዲ እየቀዳች አንገቱ ላይ ታፈስ ጀመር። እያለቀሰች አልነበረም። ልብስ እንደሚያጥብ ሰው ነበር የምትሠራው። ሦስት ወንዶች ገብተው ጉልቬንን ብብቱን ይዘው አወጡት፤ አንዱ ጓንቱን ከእጁ አወለቀለት።

ሮዜንን ያነሣት የለም። ገንዳውን ተደግፋ ራሷ ተነሣች።

ቢሮዋ ውስጥ፣ ጉንጯ ላይ በፎጣ የተጠቀለለ በረዶ ይዛ፣ የመጀመሪያውን ሰው ኮራንታንን አስተናገደች። ኮራንታን የማኅበሩ ቦርድ ሰብሳቢ ነው፤ ኮርማው የእሱ ነበር። ከብቶቹን ጭኖ የመጣበት መኪና ግቢው ውስጥ እንደቆመ ነው። ቆቡን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ተቀመጠ።

"ሐኪም ቤት ደውዬ ነበር" አለ። "እግሯ ይተርፋል ብለዋል። ዳሌዋ ተሰንጥቋል። ሦስት የጎን አጥንት። ግን ትተርፋለች።"

"ተመስገን።"

"እንግዲህ ትተርፋለች ካልን" አለ ኮራንታን፣ ቆቡን እያገላበጠ፣ "አደጋ ነው። የሥራ አደጋ። ሽጉጥ ከሸፈ፣ ማንሻ አመለጠ፣ ቄራ ውስጥ ያልታየ ነገር አይደለም። ጉልቬን አንቺን በመምታቱ ይጠየቅ፤ ይገባዋል፤ እኔም እመሰክራለሁ። ያኛውን ግን ነገር ከከፈትሽው ነገ ጠዋት በሩ ይታሸጋል። ለወር ይሁን ለስድስት ወር አናውቅም። ገበሬው ከብቱን ሌላ ቦታ ይወስዳል፤ አንዴ ከወሰደ አይመለስም።"

"ሆን ብሎ ነው ያደረገው። ዓይኑን አይቻለሁ።"

"ዓይኑን ማን ይጽፈዋል?" ድምፁን ዝቅ አደረገ። "ደግሞ አስቢው። ከዚህ በፊት ቅሬታ ነበር ወይ ብለው ይጠይቁሻል። ሐሙስ ማታ ደውለሽ የነገርሽኝን ረሳሁት። አንቺም እርሺው። አውቃ ዝም አለች ከተባለ ከሱ በፊት የምትጠየቂው አንቺ ነሽ። ለአንቺ ብዬ ነው፣ ሮዜን። አራት ዓመት ጥሩ መርተሽናል። ሰው የሚያስታውሰው የመጨረሻውን ቀን ነው።"

ክፉ ሰው አይደለም። በአሥራ አንዱ ቀን ውስጥ በየጠዋቱ ለቆመው ሁሉ ጨው ያለው ቅቤ የተቀባ ዳቦ በመኪና ጭኖ የሚያመጣው እሱ ነበር። የሚናገረውም ሐሰት አልነበረም። ሮዜን በረዶውን ወደ ሌላኛው እጇ አዛወረች።

"ላስብበት" አለችው።

እሱ ከክፍሉ ወጥቶ ኮሪደሩ ላይ ስልክ ሲያናግር ስዋዚግ ገባች። ሽርጧን አውልቃለች። በሩን ሳትዘጋ መጥታ የሮዜንን አገጭ በሁለት ጣቷ ያዘችና ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረችው።

"በምንድን ነው የመታሽ?"

"በብረት ጓንቱ።"

"ቤት ሲሆን ባዶ እጁን ነው" አለች ስዋዚግ።

ሮዜን መጀመሪያ የሰማችው አልመሰላትም። ስዋዚግ ፎጣውን ወስዳ በረዶውን አስተካክላ መለሰችላት፤ እጇ ላይ ያለው ጠባሳ፣ ሮዜን ሁልጊዜ የፍል ውሃ የሚመስላት፣ አሁን ከሮዜን ዓይን ፊት ነበር።

"ከመቼ ጀምሮ?"

"ትልቁን ልጅ ካረገዝኩ ጀምሮ። ሁልጊዜ አይደለም። አንቺ ከተመረጥሽ ወዲህ በዛ። ስብሰባ በነበረ ቀን አውቀዋለሁ፤ ገና የመኪናውን በር ሲዘጋ።"

"ለምን አልነገርሽኝም፣ ስዋዚግ?"

"ነግሬሻለሁ።" ድምጿ ውስጥ ወቀሳ አልነበረም፤ ያ ነው የባሰው። "በሩ ላይ በቆማችሁ ጊዜ። አምስተኛው ቀን ይሁን ስድስተኛው፣ ድምፅ ማጉያውን ይዘሽ ነበር። እጅጌሽን ጎተትኩና 'ጉልቬን መታኝ፣ ዛሬ አንቺ ጋ ልደር' አልኩሽ። 'ይህ ሳምንት ይለፍ፣ እህቴ፣ አሁን አንጣላ' አልሽኝ። እውነትሽን ነበር። እሱ ከወጣ ግማሹ አራጅ ተከትሎት ይወጣ ነበር።"

ሮዜን ዝናቡን አስታወሰች። ድምፅ ማጉያውን አስታወሰች፤ ባትሪው እየደከመ ነበር። አንድ ሰው እጅጌዋን የጎተታት ብዙ ጊዜ ነበር በዚያ ሳምንት። የእህቷን ፊት ልታስታውሰው ሞከረች፤ አልመጣላትም። ቃሉ ግን የራሷ ነበር። እንደዚያ የምትለው እሷ ናት።

"አንቺ ዛሬ አንድ ቀን ቀመስሽው" አለች ስዋዚግ። "አታልቅሺ፤ ዕንባው ቁስሉን ያቃጥልሻል።"

ግቢው ውስጥ የፖሊስ መኪና ሲቆም ተሰማ። በመስኮቱ ሁለቱም አዩ፦ ጉልቬን አንገቱ በእርጥብ ጨርቅ ተጠቅልሎ፣ በሁለት ፖሊሶች መሐል፣ እንደ ሽማግሌ እየተራመደ። ከመኪናው ከመግባቱ በፊት ዞር ብሎ በዓይኑ ፈለገ። ማንን እንደሚፈልግ ግልጽ ነበር። ስዋዚግ ከመስኮቱ አልራቀችም፤ ወደ እሱም አልወረደችም። መኪናው ሲወጣ ከኪሷ የቤቷን ቁልፍ አውጥታ ለጥቂት ጊዜ ስታየው ቆየችና "ትንሹ ልጅ ከትምህርት ቤት የሚወጣው በአሥር ሰዓት ተኩል ነው" አለች፤ ለሮዜን ሳይሆን ለራሷ። ከዚያ ወጣች።

ቃል ሊቀበል የቀረው ፖሊስ ሌ ቢያን ይባላል፤ አጭር፣ ትሑት፣ ጉንፋን የያዘው ሰው ነው። ትንሽ ኮምፒዩተሩን ጠረጴዛዋ ላይ ከፈተ። ኮራንታን ሳይጠራ ገብቶ ጥጉ ላይ ካለው ወንበር ላይ ተቀመጠ።

"ሐኪም ሊያይዎት ይገባ ነበር፣ ወይዘሮ" አለ ፖሊሱ።

"ከዚህ በኋላ።"

ያየችውን ነገረችው። የኤኖራን እጅ፣ የጉልቬንን ዓይን፣ ማንሻውን። ሽጉጡ ከሽፏል እንዳላትና እንዳልከሸፈ። ቢላ ማጠቢያው ክፍል ውስጥ የሆነውን። ፖሊሱ በሁለት ጣት እየለቀመ ይጽፋል።

"ውሃውን ራስዎን ለመከላከል ነው የተጠቀሙት" አለ።

"መጀመሪያ አዎ። ጀርባውን ከሰጠኝ በኋላም አላቆምኩም። እህቴ ናት የዘጋችው።"

ቀና ብሎ አያት። "ይህን ልጻፈው?"

"ይጻፉት።"

ኮራንታን ጥጉ ላይ ጉሮሮውን ጠረገ።

"ሟ..." አለና ፖሊሱ ራሱን አረመ፤ "ተጎጂዋ ከዚህ ቀደም በሰውዬው ላይ ያቀረበችው ቅሬታ ነበር?"

በረት ውስጥ አንድ ከብት አገሳ፤ ሌላው መለሰለት። ሮዜን ኮራንታንን አላየችውም፤ እያያት እንደሆነ ግን በጎን ይሰማታል። ከአሁኑ በኋላ የሚሆነውን ታውቃለች፤ የሚታሸገውን በር፣ የሚጠራውን ጉባኤ፣ "እኛስ ብለን ነበር" የሚሉትን ሰዎች። በአራት ዓመት ውስጥ ያልሰጠቻቸውን ምክንያት ዛሬ በራሷ አፍ ልትሰጣቸው ነው።

"ነበር" አለች። "ሐሙስ ዕለት። ለእኔ ነው የነገረችኝ።"

"እርስዎስ ምን አደረጉ?"

"ምንም። እስከ ፋሲካ ታገሺ አልኳት።"

ኮራንታን ቆቡን አደረገ። ተነሥቶ ወጣ፤ በሩን ግን በቀስታ ነው የዘጋው። ፖሊሱ ጻፈ፤ አፍንጫውን ጠረገ፤ የጻፈውን ጮክ ብሎ አነበበላት።

"'ሥራ አስኪያጇ ስለ ቀደሙት ክስተቶች የተወሰነ ግንዛቤ ነበራቸው።'"

"እንደዚያ አላልኩም።"

"ትርጉሙ ያው ነው፣ ወይዘሮ። ለእርስዎም በዚህ መልክ ቢሆን..."

"ያው አይደለም። 'ነገረችኝ፤ እስከ ፋሲካ ታገሺ አልኳት' ብለው ይጻፉ። እንዳልኩት።"

ሌ ቢያን ትንሽ አሰበና መስመሩን አጥፍቶ እንደ አዲስ መልቀም ጀመረ። ሮዜን ቆማ ከኋላው ቃል በቃል አነበበችው። ደህናው ዓይኗ ብቻ ስለሚያይ ስክሪኑን ለማየት መጎንበስ ነበረባት። ሲጨርስ የቢሮዋን ማተሚያ ማሽን አበራችለት፤ ወረቀቱ እየሞቀ ወጣ። እስክሪብቶ አንሥታ ፈረመች።

"ሁለተኛ ቅጂ ያውጡልኝ" አለችው።

"የሚሰጥዎት ከሆነ በጽሕፈት ቤታችን በኩል ነው። ለምን ፈለጉት?"

"ነገ ጠዋት ጉባኤ እጠራለሁ። ከሌላ ሰው ሳይሰሙት እኔ ላነብላቸው ነው።"

ፖሊሱ በሩን አየ፤ ከዚያ ፊቷን አየ። ማተሚያውን እንደገና ነካው።